ገዳዩ ዳምጠው ቤት ነው

እንግዲህ አትሳቁብኝ። ሰው በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፣ በሰው ሚስት የሚቀናም አለ፤ እሱን ለንስሐ አባቱ እንተውለት። እኔ የምቀናው በአሮጌ መጽሐፍ ነው። ያውም በሁሉም አይደለም። ወረቀቱ የሻይ መልክ የያዘ፣ ሲከፍቱት የሚያስነጥስ፣ መርማሪና ገዳይ ድብብቆሽ የሚጫወቱበት የመጀመሪያ እትም የወንጀል ልብ ወለድ ሰው እጅ ላይ ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የመጀመሪያ እትም ምን የተለየ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴ ሰናይትም ይህንኑ ትጠይቀኛለች። "ታሪኩ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ አዲሱ ደግሞ አቧራ የለውም" ትላለች። መልስ የለኝም። ማለቴ፣ አለኝ፤ ግን ለሚስት የሚነገር ዓይነት አይደለም። መልሱ "ሌላ ሰው የለውም" የሚል ነው። በቃ፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። እኔ አለኝ፣ ሌላ ሰው የለውም።

ችግር የሚመጣው ሌላ ሰው ሲኖረው ነው። የእኔው ሌላ ሰው ደግሞ ዳምጠው ይባላል።

ዳምጠው አብሮ አደጌ ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነው ያደግነው። ሠርጌ ላይ አንደኛ ሚዜዬ ነበር፤ አባቴ ሲያርፍ ከድንኳኑ ሳይወጣ የሰነበተው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። በጥሩ ሰው መቅናት ግን እንደ ጨጓራ ነው፤ ሲበሉም ያቃጥላል፣ ሳይበሉም ያቃጥላል።

ሁለታችንንም ለዚህ አባዜ የዳረጉን ጋሽ ይመር ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ጋሽ ይመር የሰፈራችን መጽሐፍ አከራይ ነበሩ። ለዛሬ ልጆች ሲነገራቸው አያምኑም እንጂ ያኔ መጽሐፍ እንደ ብስክሌት ይከራይ ነበር። ከቆርቆሮ ኪዮስካቸው ትወስዳላችሁ፣ አድራችሁ ትመልሳላችሁ፣ ሳትመልሱ ከዋላችሁ ደግሞ እቤታችሁ ድረስ መጥተው እናታችሁ ፊት ያዋርዷችኋል።

ጋሽ ይመር ታዲያ ገበያ አዋቂ ነበሩ። አንድ ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድ ሰፈሩን ሁሉ ካሻማ፣ በመላጫ ከመሀሉ ይሰነጥቁትና ሁለት ያደርጉታል። እያንዳንዱን ግማሽ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይለብጡታል፣ በጆንያ መርፌና በቀይ ክር ይሰፉታል፣ ርዕሱን በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። አንዱ ደንበኛ መጀመሪያውን ሲያነብ ሌላው መጨረሻውን ያነባል። እሳቸው ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ኪራይ ይቀበላሉ። በምድር ላይ እንዲህ ያለ ብልህ ነጋዴ እስካሁን አላየሁም።

ጣጣው ለአንባቢ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ጨርሶ ሁለተኛውን ሊወስድ ቢሄድ፣ ጎረቤታችን እማማ በየነች ወስደውታል ተባለ። በራቸውን አንኳኩቶ "ሲጨርሱ ለእኔ ያቀብሉኝ" ቢላቸው፣ "ምን እጨርሳለሁ ልጄ፤ መጀመሪያውን የወሰደው ሰው አልመልስ ብሎኝ ይኸው መጨረሻውን እየደጋገምኩ ነው" አሉት አሉ። የወሰደው ሰው አባቴ ነበር። እማማ በየነች ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቁ በታሰረ ቁጥር "እሰይ!" ይሉ ነበር።

ይህን ጨዋታ ያዙልኝ። እኔም ይዤው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ጊዜው ረዘም ይላል፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ አንድ መጽሐፍ አዟሪ ላስቲኩ ላይ ከዘረጋቸው መጻሕፍት መሀል የሲሚንቶ ወረቀት አየሁ። ቀይ ክርም አየሁ። ሳነሳው በጋሽ ይመር የእጅ ጽሑፍ "ሦስተኛው ብርጭቆ" ይላል። ይህ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ታትሞ የቀረ፣ ሰብሳቢ የተባለ ሁሉ በስሙ የሚምል መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያም የመጨረሻም እትሙ ያው ነው። ገለጥ ሳደርገው የርዕሱ ገጽ አለ፣ የማተሚያ ቤቱ ምልክት አለ፣ "ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ" የሚለውም አለ። ፊቴን ቅጭም አድርጌ "ይሄ ቡትቶ ስንት ነው?" አልኩት። ዋጋውን እንኳ ተዉት።

እቤቴ ገብቼ ባንድ ትንፋሽ አነበብኩት። አንድ ቱጃር ነጋዴ ሳሎኑ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ይገኛል። እንግዳው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሦስት ብርጭቆ አለ፣ ሦስቱም ተጠጥቶባቸዋል። ሚስቱ አለች፣ ወንድሙ አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ ጸሐፊው አለ። ሁሉም ይዋሻሉ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ዝም ካሰኘ በኋላ "ቀስ ብሎ የጓዳውን በር እጀታ ያዘና" ይላል።

በቃ። ከዚያ በኋላ ወረቀት የለም። "ያዘና" ምን? እግዜር ያሳያችሁ!

ከኋላው ጥቂት ቅጠል ወድቆበት ነው አልኩ። በር ሊከፈት ነዋ! ከበሩ ኋላ ገዳዩ ይገኛል፣ ይያዛል፣ ያልቃል። ጋሽ ይመር ሰንጥቀውት ይሆን የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ግን እሳቸው የሚሰነጥቁት ወፍራም ወፍራሙን ነው፤ ይሄ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ስለዚህ አልተሰነጠቀም ብዬ ደመደምኩ። ዕድሜ ልኬን የምርመራ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ እንግዲህ። የተሰነጠቀ ነገር መቅጠኑን ማሰብ አቃተኝ።

እንደዚያም ሆኖ ደስተኛ ነበርኩ። ሌላ ሰው የለውማ።

አንድ እሑድ ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ ዳምጠው ጆሮዬ ሥር መጥቶ "የጋሽ ይመር ልጅ ቤት ስታጸዳ ምን ሰጠችኝ መሰለህ?" አለኝ። ልቤ ነግሮኛል። "ሦስተኛው ብርጭቆ!" አለ። "መጨረሻው ጉድ ነው ጉድ! ገዳዩን ስታውቀው ራስህን ነው የምትይዘው።"

እኔም ወንድ ነኝና "እኔም እኮ ካገኘሁት ቆየሁ" አልኩት። ፊቱ ጥቁር ሲል አየሁ። ደስ አለኝ። ግን ያ ደስታ እቤቴ እስክደርስ አልቆየም። እሱ መጨረሻው አለው፤ እኔ የበር እጀታ ይዤ ቀርቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ስቃይ ሆነ። ዳምጠው መጽሐፉን እናቱ ያወረሱት ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መሀል አቁሞ ቆለፈበት። ቁልፉን ከመታወቂያው ጋር ይዞት ይዞራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በመስታወት ያሳያል፤ ቅድስት ያስገባን ይመስል ሁላችንም ቆመን እናያለን። አውሰኝ ብዬ ብለምነው "መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ የተዋሰውን የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው" ብሎ ተረተብኝ። ቤተ መጻሕፍት ፈለግሁ፤ ካርዱ አለ፣ መጽሐፉ የለም። የእህቴን ልጅ አማከርኳት። ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ "አጎቴ፣ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ከሌለ እኮ መጽሐፉ የለም ማለት ነው" አለችኝ። እንግዲህ ትውልዱ እንዲህ ነው።

የሚገርመው ስንገናኝ የምናወራው ስለዚያው መጽሐፍ ነው። እኔ መጨረሻውን ላወጣጣው እሞክራለሁ።

"መጨረሻውን እንዴት አገኘኸው ግን?"

"ኧረ ተወው! ያንን ሰውዬ እንደዚያ ብዬ አልጠረጠርኩትም። አንተስ አሟሟቱን እንዴት አየኸው?"

"አንጀት ይበላል።"

"በጣም እንጂ። በተለይ... ያ ነገሩ።"

"አዎ፣ ያ ነገሩ።"

እንዲህ ነበር ወሬያችን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ግን እያደር እየከበደ ሄደ። ሁለት የወንጀል ልብ ወለድ አዋቂዎች ማኪያቶ ይዘን ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንዳችንም አንዳችንን አልጠረጠርንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ለእኛ ነው።

ከዚያ ሰፈራችን የሚፈርስበት ቀን መጣ። እኔ ካገባሁ ጀምሮ ኑሮዬ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው፤ ዳምጠው ግን እዚያው ያደግንበት ግቢ ነበር። ያደግሁበት በር ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ሳይ አለቀስኩ፤ የምሬን ነው። እንባዬን ሳልጠርግ ደግሞ ዳምጠው ምትክ የደረሰውን ኮንዶሚኒየም ነገረኝ። የሳሎኑ አንድ ሙሉ ግድግዳ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ይሆናል አለ። ቀናሁ። ቤቱ በፈረሰበት ሰው የሚቀና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እዩኝ።

ዕቃ የሚወጣ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ በርሜል፣ አንዱ ምጣድ ይዞ ይሮጣል። እኔ ዓይኔ የመጻሕፍቱ ካርቶን ላይ ነበር። ዳምጠውም ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። አይሱዙው ተጭኖ ሲያልቅ ግን ችግር መጣ። ቡፌውን ከኋላ ሆኖ የሚደግፈው ሰው ያስፈልጋል፤ ዳምጠው ደግሞ የእናቱን ቡፌ ለማንም አያምንም። ካርቶኑም ከኋላ ከሆነ ይጨፈለቃል። እያመነታ ጋቢና ለተቀመጥኩት ለእኔ ጭኔ ላይ አደረገልኝ።

"እንዳትከፍተው" አለኝ።

"ምን አስከፈተኝ?" አልኩት።

እውነት ለመናገር ፕላስተሩ ራሱ ለቀቅ ብሎ ነበር። ኡራኤል ስንደርስ መንገዱ ቆመ፤ ታውቁታላችሁ ኡራኤልን፣ እዚያ ከቆሙ ቆሙ ነው። "ሦስተኛው ብርጭቆ" ከቡፌው ወጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ከላይ ተጋድሟል። የሲሚንቶ ወረቀት፣ ቀይ ክር። እንዴት እጄ ሄደ ብላችሁ አትጠይቁኝ። መቼም የመጨረሻዋን ገጽ ለማየት ነበር፤ ግን ቸኩዬ ከፊት ገለጥኩት። የርዕስ ገጽ የለም። ማተሚያ ቤት የለም። የመጀመሪያው ቃል "ከፈተው" ነው።

"ከፈተው። ከጓዳው አንዲት ድመት ወጣች።"

ድመት! ያን ሁሉ ዓመት ገዳይ አለበት ብዬ እጀታ ይዤ የቆምኩበት በር ኋላ ድመት ናት የነበረችው።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራልኝ። ቀይ ክሩ፣ ቅጥነቱ፣ አባቴና እማማ በየነች። ይሄ ሌላ መጽሐፍ አይደለም፤ የእኔው መጽሐፍ ነው፣ ከወገቡ በታች! ወደ መጨረሻው ገጽ ለመሄድ ጣቴን ምራቅ ሳስነካ የጋቢናው መስኮት ተንኳኳ። ዳምጠው ነው። መኪናው ሲቆም ጊዜ ካርቶኑን ሊያይ ወርዶ መጥቷል። እኔን አየ፣ መጽሐፉን አየ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለኝ።

"ሟቹ ማን ነው?" አልኩት።

"ምን?"

"የሞተው ሰው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ።"

ዳምጠው መልኩ ተለዋወጠ። "ሰውየው ነዋ" አለ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ያ... የተገደለው።"

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። ዳምጠው ዓይኑን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረና በድንገት ወደ እኔ ተመለሰ። "አንተስ? ገዳዩ ማን ነው? እስቲ አንተ ንገረኝ!" አለ።

"ገዳዩማ ያው..."

"ማን?"

መጽሐፉን ዘጋሁት። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል። ሾፌሩ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ካየ በኋላ በጣም በትሕትና "ጋሼ፣ እኔ የቤት ዕቃ ነው ብላችሁኝ ነው የጫንኩት፤ ሌላ ነገር ካለበት ከወዲሁ ንገሩኝ" አለ።

አዲሱ ቤት ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ያልተፈታ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተናዘዝን። ዳምጠው የእኔን ያህል ተሰቃይቷል። ገዳዩን ያውቀዋል፤ ግን ማንን እንደገደለ አያውቅም። "ሰውየው እጁ በካቴና ሲታሰር ልደሰትበት ወይስ ልዘንለት እስካሁን አልቆረጥኩም" አለኝ። ርዕሱ ለምን "ሦስተኛው ብርጭቆ" እንደተባለም አያውቅም፤ ብርጭቆ የሚባል ነገር እሱ ዘንድ ባለው ግማሽ ላይ የለም። ለዚህ ነው ለካ ከብርጭቆዎች መሀል ያቆመው፤ ትርጉም ቢሰጠው ብሎ! ስቄ ልሞት ነበር። ደግሞም አሳዘነኝ። ደግሞም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ገዳዩን ማወቁ አሁንም ያስቀናኝ ነበር።

ሚስቱ ሙሉ ከጓዳ ሆና ሰምታን ኖሮ ብቅ አለች። "ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? አምጡት፣ እኔ አንድ ላይ እሰፋዋለሁ" አለች።

"የት ሊቀመጥ?" አልን ሁለታችንም፣ እኩል።

"እኔ ዘንድ ነዋ" አልኩ ቀጥዬ። "የርዕሱ ገጽ፣ 'ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ' የሚለው ያለው እኔ ጋ ነው። ያለ እሱ ያንተ ግማሽ ምን እትም እንደሆነ ማን ያውቃል?"

"ገዳዩ እኔ ጋ ነው" አለ ዳምጠው። "ገዳይ የሌለው የወንጀል ልብ ወለድ ምን ይባላል? ለቅሶ!"

ሙሉ ራሷን ነቅንቃ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ እንኳ እኛን አይረዳንም። እዚያ እናትየዋ የታወቀችው ሕፃኑ ሳይቆረጥ ነው፤ የእኛ ተቆርጦ ነው የደረሰን።

በመጨረሻ ልውውጥ ላይ ተስማማን። ለአንድ ሳምንት እሱ የእኔን ያነባል፣ እኔ የእሱን አነባለሁ፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። ደምበል አካባቢ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሁለት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን በራሳቸው፣ አንድ እጃቸውን በሰው ግማሽ ላይ ጭነው "አንተ ልቀቅ፣ አንተ ልቀቅ" ሲባባሉ አስቡት። አስተናጋጇ ሂሳብ ለመክፈል የተጣላን መስሏት "ተዉ አባቶቼ፣ ለየብቻ ላድርገው?" አለችን።

እቤቴ ሄጄ አነበብኩት። ድመቷ ወጣች፣ መርማሪው ቀጠለ፣ ገዳዩ ታወቀ። ራሴን ያዝኩ። ዳምጠው አልዋሸም፤ እሱ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ሰናይት ሮጣ መጥታ "ምነው፣ ማን ሞተ?" አለችኝ። ያን ቀን ማንም አላስቀናኝም። መላ ሰውነቴ ቀለለኝ።

ሳምንቱ አለቀና ደወልኩለት። "መጽሐፌን አምጣ" አልኩት።

"አንተ መጀመሪያ አምጣ" አለ።

"ያንተን እሰጥሃለሁ፣ የእኔን መጀመሪያ መልስ።"

"የተዋሰውን የሚመልስ ምን ይባላል?" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ተዘጋ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ባለፈው የቤት ምርቃት ብሎ ጠራን። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ ሆኗል። ቡፌው መሀል ላይ ደግሞ ትንሽ አምፖል አስገብቶበት የእኔ ግማሽ ከርዕሱ ገጽ ላይ ተከፍቶ ቆሟል። "ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ" የሚለው ከሩቅ ይነበባል። እንግዶቹ ተራ በተራ እየሄዱ ያዩታል፣ "ወይ ግሩም!" ይላሉ። እኔ ዘንድ በነበረ ጊዜ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እንደዚህ ማማሩን መቼ አየሁት? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄው ነው። ያቀረቡልኝን ክትፎ ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰናይት "ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?" አለችኝ።

"ዳምጠው ዘንድ ያለው መጽሐፍ ያስቀናል" አልኳት።

"ያንተ የነበረው አይደል እንዴ?"

"እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ" አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ከቅናት የሚያድን ትምህርት አለው ብላችሁ ከጠበቃችሁ የለውም። ዳምጠውም ከእኔ አይሻልም፤ ገዳዩ አሁን እኔ ቤት መሆኑ እንቅልፍ እንደነሳው ሙሉ ለሰናይት ነግራታለች። ያቺን ወሬ በሰማሁ ዕለት ጥሩ እራት በላሁ።

ምን አላችሁ? ገዳዩ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እሱማ እኔ ጋ ያለው ግማሽ ላይ ነው። መጽሐፍ አላውስም።